በፓናማ ቦይ «ወርቅ» እና «ብር» ማን ነበር?

ስለ ፓናማ ቦይ ግንባታ ስታነቡ «የወርቅ መዝገብ» እና «የብር መዝገብ» የሚሉ አባባሎች ይገጥሟችኋል። ብር ሲባል የእኛ ገንዘብ አይደለም፤ ማዕድኑ ነው።

አሜሪካ ቦዩን እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1914 ስታሠራ ደመወዝ የምትከፍለው በሁለት መዝገብ ነበር። በወርቁ የሰፈረ በወርቅ የተደገፈ የአሜሪካ ዶላር፣ በብሩ የሰፈረ ደግሞ የፓናማ የብር ሳንቲም ይቀበላል። መጀመሪያ የሙያ ልዩነት ይመስል ነበር። ቆይቶ ግን ወርቅ ማለት በአብዛኛው ነጭ አሜሪካዊ፣ ብር ማለት ደግሞ በብዛት ከባርቤዶስና ከጃማይካ የመጣ ጥቁር ሠራተኛ ሆነ።

ነገሩ በደመወዝ ብቻ አልቀረም። መኖሪያው፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር ለሁለት ተከፈለ። በር ላይ «ነጭ» እና «ጥቁር» ብሎ መለጠፍ አላስፈለገም። «ወርቅ» ወይም «ብር» ከተባለ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው፤ የሒሳብ ቃል የዘር አጥር ሲሆን።

ድማሚት መቅበሩና ጭቃ መዛቁ በብዛት የወደቀው በብሮቹ ላይ ነበር። በአሜሪካ የግንባታ ዘመን በይፋ ከተመዘገቡት 5,609 ሟቾች መካከል 4,500 ያህሉ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁር ሠራተኞች ነበሩ።