የሥጋ ዶሮ ምን በልቶ ያድጋል? መኖው ከዕድገት እስከ ሥጋ ጥራት

ቢሾፍቱ ውስጥ ዶሮ ከሚያረባ ሰው ጋር ቡና ከጠጣችሁ ወሬው ዞሮ ዞሮ መኖ ላይ ያርፋል። በቆሎ ስንት ገባ? ፋጉሎ አለ? ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቁን) ከየት አገኘህ? አይገርምም። ለሥጋ ዶሮ እርባታ ከሚወጣው ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው መኖ ነው። ስለዚህ ሰው ቁጠባ ሲያስብ መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው ወደ መኖው ነው። ብዙ ጊዜ የሚከስረውም እዚያው ላይ ነው።

የሥጋ ዶሮ ወይም ብሮይለር ስንል እንቁላል ጣይዋንም፣ በየጓሮው ጭራ የምታድረውን የሐበሻ ዶሮም ማለታችን አይደለም። ኮብ 500 እና ሮስ 308 የሚባሉት ዝርያዎች የተመረጡት ለአንድ ነገር ነው፤ ቶሎ ሥጋ እንዲሆኑ። ከእንቁላል ስትወጣ 40 ግራም ገደማ የምትመዝን ጫጩት በ42 ቀን ከ2.5 ኪሎ በላይ እንድትደርስ የአርቢ ኩባንያዎቹ መመሪያ ይጠብቃል። እኛ ጋ ብዙ ቤት ውስጥ በዚያው ዕድሜ 2 ኪሎ ከሞላች ሰው ደስ ይለዋል። ልዩነቱ ከሙቀቱ፣ ከበሽታውና ከአያያዙም ይመጣል፤ ትልቁ ድርሻ ግን የመኖው ነው ብዬ አምናለሁ። ዝርያው አቅም ነው። አቅሙን ሥጋ የሚያደርገው ገንዳው ላይ የሚቀርበው ነገር ነው።

የመኖው ፍላጎት ከዕድሜ ጋር ይለዋወጣል። የአሜሪካው ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዶሮ መኖ መመሪያ እስከ 3 ሳምንት 23 በመቶ፣ ከ3 እስከ 6 ሳምንት 20 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 18 በመቶ ፕሮቲን ይላል። ጉልበቱ ደግሞ በኪሎ 3200 ኪሎ ካሎሪ። አሁን ያሉት ዝርያዎች የራሳቸው አዳዲስ ሠንጠረዦች አሏቸው፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። ስታርተር (የመጀመሪያው)፣ ግሮወር (የማሳደጊያው)፣ ፊኒሸር (የመጨረሻው) እያልን የምንገዛው በዚህ ምክንያት ነው። ከሦስቱ ስታርተር ላይ መቆጠብ የለየለት ኪሳራ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት አንጀቷ የሚዘረጋበት፣ አጥንቷ የሚቆምበት ጊዜ ነው። ያኔ የቀረባትን በኋላ ላይ ፊኒሸር እየደፋን ሙሉ በሙሉ አንመልስላትም።

የመኖው ምሰሶ በቆሎና አኩሪ አተር ነው። በቆሎ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ከ8 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። ዘይቱ የወጣለት የአኩሪ አተር ፋጉሎ ደግሞ 44 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። 20 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ከሁለቱ ብቻ እንሥራ ብንል፣ የበቆሎውን 8.5 ብለን ስናሰላው ከ100 ኪሎው 68 ኪሎ ገደማ በቆሎ፣ 32 ኪሎ ገደማ አኩሪ አተር ይሆናል። ጥሩ ነው። አሁን አኩሪ አተሩ ተወደደ ብለን ሙሉ በሙሉ በኑግ ፋጉሎ እንተካው። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑ 30 በመቶ አካባቢ ነው እንበል። ስሌቱ በቆሎውን ወደ 46.5 ኪሎ ያወርደውና ኑጉን ወደ 53.5 ኪሎ ይሰቅለዋል። ወረቀት ላይ ፕሮቲኑ ያው 20 ነው። የኑግ ፋጉሎ ግን አሰሩ (ፋይበሩ) ብዙ ነው፤ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚሆነው አሰር ሊሆን ይችላል። የመኖው አሰር 11 በመቶን ያልፋል ማለት ነው፤ ለብሮይለር ከ5 በመቶ ብዙም ባይርቅ ነው የሚመረጠው። ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ዶሮዋ ሆዷን በገለባ ሞልታ ትቆማለች። በልታለች፣ አላደገችም።

ለዚህ ነው «ፕሮቲኑ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የማያዋጣው። ዶሮዋ የምትፈልገው ፕሮቲኑ የተሠራባቸውን አሚኖ አሲዶች ነው። ላይሲን ካነሰ የደረቷ ሥጋ አይሞላም። ሜቲዮኒን ካነሰ ዕድገቷም ላባዋም ይጎዳል። ደስ የሚለው ነገር አኩሪ አተር ላይሲኑ ጥሩ ሆኖ ሜቲዮኒኑ ያንሳል፤ ኑግ ደግሞ በተገላቢጦሽ ሜቲዮኒኑ ደህና ሆኖ ላይሲኑ ደካማ ነው። በልክ ሲቀላቀሉ ይደጋገፋሉ። ስለዚህ ኑግን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። አገራችን የምታመርተው፣ በየዘይት መጭመቂያው ደጃፍ የሚገኝ ትልቅ ሀብት ነው። ጥፋቱ መጠኑን ማሳት ነው።

ስለ ርካሽ መኖ አንድ ስሌት ልጨምር። ለምሳሌ ያህል አንዱ መኖ ኪሎው 50 ብር፣ ሌላው 60 ብር ነው እንበል። በመጀመሪያው አንድ ኪሎ የዶሮ ክብደት ለማግኘት 2.5 ኪሎ መኖ ካስፈለገ 125 ብር ወጣ። በሁለተኛው 1.8 ኪሎ ከበቃ 108 ብር ብቻ። ውድ የተባለው ረከሰ! በዚያ ላይ ደግሞ ጊዜ አለ። ቀስ ብላ የምታድግ ዶሮ ተጨማሪ ሳምንት ስትቆይ ተጨማሪ ጉዝጓዝ፣ መብራትና ጉልበት ትበላለች።

አሁን በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ወዳጄ ጋ 300 ጫጩት ገብቶ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ይበላሉ፣ ግን እንደ ዕድሜያቸው አይደሉም። አንዷ ትልቅ፣ አንዷ ትንሽ፤ ኩሳቸው ፈሳሽ፣ ጉዝጓዙ ረጥቧል። መድኃኒት ተሰጠ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ መኖውን አፈስ አድርገን አየነው። የተፈጨው አኩሪ አተር ነጣ ያለ ነው፣ ሲቀመስ እንደ ጥሬ ባቄላ አፍ ይይዛል። ሳይቆላ ተፈጭቶ የገባ ነው። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ፕሮቲን የሚፈጨውን ትሪፕሲን የተባለ ኢንዛይም የሚያግድ ነገር አለ። ቆሽቷ ያንን ለማካካስ ስትለፋ ታብጣለች። የሞተችውን ስንከፍታት በእርግጥም ቆሽቷ ከወትሮው ወፍራ ነበር። ሙቀት ይህን ያጠፋዋል። የተቆላ አኩሪ አተር ሽታው የቆሎ ነው፣ ቀለሙ ወርቅማ ቡናማ። ከመጠን በላይ ካረረ ደግሞ ላይሲኑ ይጎዳል፤ ጠቆር ያለውን አለመግዛት ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ሳልቀምስ መኖ አልገዛም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሻጋታ ነው። በቆሎው በደንብ ሳይደርቅ ከተከዘነ፣ እርጥበቱ ከ13 ወይም 14 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ሻጋታ ይይዘዋል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። የለውዝና የኑግ ፋጉሎም በዚህ ይታወቃሉ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች መኖ ላይ በተደረገ ምርመራ የኑግ ፋጉሎ ዋና የአፍላቶክሲን ምንጭ ሆኖ መገኘቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። ያው ፋጉሎ ነው ወደ ዶሮ ቤትም የሚገባው። መርዙ ጉበትን ይመታል፣ ዕድገትን ያቀጭጫል፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማል። የኒውካስልና የጉምቦሮ የሚባሉት የዶሮ በሽታዎች ክትባት በሥርዓቱ ተሰጥቶ እያለ ዶሮው ሲታመም ሁላችንም ክትባቱን እንራገማለን፤ አንዳንዴ ጥፋቱ የመኖው ነው። መርዙ በዓይን አይታይም። መፍጨትም ማሞቅም በቀላሉ አያስወግደውም። «ትንሽ ነው የሸተተው፣ ከደህናው ጋር ቀላቅለው» የሚል ምክር ስሰማ እናደዳለሁ። መርዙ መጨረሻው ሰው ጋ ሊደርስ ይችላልና። የሸተተ መኖ ይጣል።

ሌሎቹን ግብዓቶች ባጭሩ። ፉርሽካ ርካሽ ነው፤ አሰሩ ግን ብዙ ስለሆነ ለብሮይለር በጣት የሚቆጠር በመቶኛ ይበቃዋል። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የተባለ መርዛማ ነገር ስላለው ለጫጩት ባይሰጥ ይሻላል። ማሽላ በቆሎን በከፊል ይተካል፤ ጠቆር ያለውና ታኒን የበዛበት ግን የፕሮቲኑን መፈጨት ያውካል። የተልባ ፋጉሎን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ያ ልጋግ የጫጩት አንጀት ውስጥም ያንኑ ይሠራል፣ ኩሱን ያጣብቀዋል፣ በዚያ ላይ ቫይታሚን ቢ6ን ይጻረራል። የሥጋና አጥንት ዱቄት ፕሮቲንም ካልሲየምም ፎስፈረስም ይሰጣል። ነገር ግን በደንብ ካልበሰለ ሳልሞኔላ ይዞ ይገባል።

መጠናቸው ትንሽ፣ ጣጣቸው ትልቅ የሆኑ ነገሮችም አሉ። ጨው አንድ። ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ይበቃል፤ ሲበዛ ዶሮው ውሃ ላይ ይጣዳል፣ ጉዝጓዙ ጭቃ ይሆናል፣ ጫጩት ይሞታል። ካልሲየምና ፎስፈረስ ካልተመጣጠኑ እግር ይወላገዳል። እህልና ፋጉሎ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ፋይቴት በሚባል መልክ ታስሮ ስለሚገኝ ዶሮዋ በወጉ አትጠቀምበትም። ፋይቴዝ የሚባለው ኢንዛይም የሚጨመረው ያንን እንዲፈታው ነው። ቫይታሚንና ማዕድን የያዘው ፕሪሚክስ ደግሞ ከመቶ ኪሎው ውስጥ ግማሽ ኪሎ ወይም አንድ ኪሎ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህንን በቀጥታ ክምሩ ላይ በትኖ በአካፋ ማገላበጥ ማለት አንዷ ጫጩት እጥፉን በልታ ሌላዋ ምንም ሳታገኝ ትቀራለች ማለት ነው። መጀመሪያ ከጥቂት ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር አሽቶ ማዋሃድ፣ ከዚያ አምስት ኪሎውን ወደ ሃያ፣ ሃያውን ወደ ሃምሳ እያሳደጉ መቀላቀል። ብዙ ልፋት የለውም፣ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

የመኖው ቅርጽም ራሱን የቻለ ነገር ነው። እንደ ዱቄት የላመ መኖ ምንቃሯ ላይ እየተለጠፈ አፏን ይይዛታል፣ ብዙውም ይባክናል። ከርደድ ተደርጎ ቢፈጭ ይሻላል። በእንክብል መልክ የተሠራው ፔሌት ደግሞ ቶሎ ስለሚበላ ዕድገት ያፋጥናል። እዚህ ላይ ግን የእኛ ደጋ አገርነት ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ኦክስጅን ያንሰዋል። በጣም በፍጥነት የሚያድግ ብሮይለር ልቡና ሳንባው ሊከተሉት አይችሉም፤ ሆዱ ውሃ ይቋጥርና ይሞታል። ጎበዝ ጎበዙ፣ ወፍራሙ ነው የሚሞተው። ከፍታ ላይ ያለ አርቢ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፔሌት ከመስጠት ይልቅ የተፈጨ መኖ ቢሰጥ፣ ወይም መኖውን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ቢያነሳ፣ ትንሽ ክብደት ይቀርበታል እንጂ ብዙ ነፍስ ያተርፋል። ሞቃት አካባቢ፣ እንደ አዳማና ድሬዳዋ ያለው ቦታ፣ ችግሩ ሌላ ነው። ዶሮው ከሙቀቱ የተነሳ አይበላም። ስለዚህ በምትበላው ትንሽ መኖ ውስጥ አሚኖ አሲዱ ጠንከር እንዲል ይደረጋል፣ መኖው በጠዋትና በማታ ቀዝቀዝ ሲል ይቀርባል።

ወደ ሥጋው እንምጣ። በመኖው ውስጥ ጉልበቱ በዝቶ ፕሮቲኑ ሲያንስ ዶሮዋ ትርፉን ጉልበት ወደ ሞራ ትለውጠዋለች። ስትታረድ ሆዷ ውስጥ ጭብጥ ሙሉ ቢጫ ሞራ ይወጣል። ያ ሞራ በመኖ ዋጋ የተገዛ ነው፣ ገዢውም ይጥለዋል። የሞራው ዓይነትም ከመኖው ይመጣል። ዶሮ እንደ በግ አይደለችም፤ የበላችውን ቅባት ብዙም ሳትለውጠው ሥጋዋ ውስጥ ታስቀምጣለች። ተልባ በልክ ሲሰጣት ሥጋዋ ውስጥ ኦሜጋ 3 ይጨምራል። ሲበዛ ግን የዓሣ ዓይነት ጠረን ያመጣል። የዓሣ ዱቄት እስከ መታረጃዋ ድረስ በብዛት ከተሰጣትም እንደዚያው። እንዲህ ዓይነት ቅባት ሲበዛ ሥጋው ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ የቆየ ዘይት ይሸታል፤ በመኖ የሚሰጥ ቫይታሚን ኢ ይህንን ያዘገየዋል።

ስለ ቆዳዋ ቀለም ብዙ ሰው ይጠይቃል። ነጣ ካለች «በሽተኛ ናት» ይባላል። ቢጫው ቀለም ከቢጫ በቆሎና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኝ ነው። እኛ አገር የሚመረተው በቆሎ አብዛኛው ነጭ ስለሆነ የብሮይለሮቻችን ቆዳ ይገረጣል። ከጤናም ከምግብነትም ጋር አይገናኝም።

ዶሮ ወጥ ላይ ደግሞ «የፈረንጅ ዶሮ ይፈርሳል» የሚለው ቅሬታ አለ። እውነት ነው። ግን መኖውን ብቻ አንውቀስ። የ6 ሳምንት ጫጩት ነች እኮ! ጡንቻዋ ገና ለጋ ነው። የሐበሻ ዶሮ ወራት ቆይታ፣ ሮጣ፣ ጭራ ያደገች ስለሆነች 12 ብልት ሆና ለሰዓታት ቁሌት ውስጥ ብትቆይም ትችለዋለች። ብሮይለር ለጥብስና ለአሮስቶ የተሠራ ሥጋ ነው። መኖው ሊያስተካክለው የማይችል ነገርም አለ፤ በጣም በፍጥነት ባደጉ ከባድ ዶሮዎች ደረት ላይ የሚታየው ነጭ ሰንበርና እንደ እንጨት የሚደርቅ ሥጋ በዋናነት ከዝርያው ፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው።

ገበያው የፆሙን ቀን ይቆጥራል። ዐቢይ ፆም 55 ቀን ነው፣ ብሮይለር 42 ቀን። ስለዚህ ለፋሲካ ያሰበ ሰው ጫጩቱን የሚያስገባው ፆሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ ነው። መኖው ዕድገቱን በአንድ ሳምንት ካዘገየበት በዓሉ ያልፈዋል። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ መጨረሻው ላይ አንቲባዮቲክ መኖ ላይ የሚበትን ሰው አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ለዕድገት ማፋጠኛ የሚሰጥ አንቲባዮቲክን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። ለሕመም የተሰጠም ከሆነ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ የሚጠበቅ ቀን አለው፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ ይነበብ። የመጨረሻው ምሽት ላይ ደግሞ ከመታረዱ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ቀደም ብሎ መኖው ይነሳል፣ ውሃው ግን ይቀመጣል። አንጀቷ ባዶ ሲሆን በሚበለትበት ጊዜ ፈንድቶ ኩሱ ሥጋውን አይበክለውም።