በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች

ይህን አባባል መጀመሪያ የሰማሁት ከእናቴ ነው። አንድ ጠዋት ስንነሳ አጥራችን ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት ተደርጎበታል። ለመንገድ የሚፈለገው ጥግ ሁለት ክንድ አይሞላም፣ ጌሾዋ የበቀለበት ነው። እናቴ ቀለሙን በጣቷ ነካ አድርጋ አየችው፣ ገና አልደረቀም። «መንገዱ ይስፋ፣ ማን ጠላ? ግን ሰው በር አንኳኩቶ ይጠይቃል» አለችና አባባሉን ተረተችው።

ጭብጦ ትንሽዬ ቂጣ ናት፣ የመንገደኛ ስንቅ። ስሟም ከመጨበጥ የመጣ ነው። በቅሎ ግን ትልቅ ሀብት ነበረች፤ በቅሎ የሚጫን ሰው የተከበረ ሰው ነው። ተናጋሪው የሚለው እንዲህ ነው፦ ዳኛ ፊት ቆሜ፣ ተናግሬ፣ ተረትቼ በቅሎዬን ባጣ እችለዋለሁ፤ ሳልጠየቅ ጭብጦዬን ከእጄ ቢነጥቁኝ ግን ያንገበግበኛል።

በቅሎዋ ለቤት መምቻ ብቻ የገባች አይመስለኝም። በድሮው ሙግት ተከራካሪዎች ዳኛ ፊት ይወራረዱ ነበር። አንዱ «በቅሎ እሰጥ!» ይላል፣ የተረታ ይከፍላል። ዛሬ ጭቅጭቁን ሁሉ «እሰጥ አገባ» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። እና በፍርድ የሄደች በቅሎ ያን ጊዜ በዓይን የሚታይ ነገር ነበረች።

ይኸው ሕዝብ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ም ይላል። ይሄ ተረት ብቻ አልነበረም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን የማይደፈር መሆኑን ጽፏል፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ንጉሡን በጥፋት ካሳ መክሰስን ከልክሏል። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ፣ በ1967 የካቲት ላይ የገጠሩ መሬት፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ነው «በአዋጅ የተወረሰ» እና «ከአዋጅ ውጭ የተወረሰ» የሚባል ቋንቋ የለመድነው። በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 እንዲመረመር የፈቀደው ሁለተኛውን ነው።

አሁን ያለው ሪፐብሊክ የተመሠረተው በ1987 ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። በላዩ የሠራኸው ቤት ግን ያንተ ነው፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሊወስደው ቢፈልግ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት። አንቀጽ 37 ደግሞ ጉዳይህን ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ይሰጥሃል። ወረቀቱ ላይ በቅሎዋም ጭብጦዋም ዳኛ አላቸው።

እኔን የሚከነክነኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለ ማስለቀቅ በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 455፣ ባለይዞታው መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ ካላያያዘ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ይግባኝ ተቀባይነት እንዳይኖረው አድርጎ ነበር። መጀመሪያ አስረክብ፣ ከዚያ ተከራከር! በቅሎዋ ቀድማ ሄዳ ፍርዱ ከኋላ ይከተላል ማለት ነው። ሰው ስለ ካሬ ሜትርና ስለ ካሳ ሲያወራ ይህን ይረሳዋል። ካሳው አነሰኝ ያለ ሰው ሌላ ተረት ይፈልግ፤ ይሄኛው «ማንም አልሰማኝም» ላለ ሰው ነው።

ያን አዋጅ በ2011 የተካው ቁጥር 1161 አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋም አዟል። እንግዲህ አጥራችሁ ላይ ቀለም ያያችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። የማስለቀቂያ ደብዳቤውን በእጃችሁ አድርጉ፣ የደረሳችሁበትንም ቀን ጽፋችሁ ያዙ።