«ነፃ ስንዴ ነው»፦ ስለ ሴፍቲኔት የሚባለውና እውነታው

ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው ግልጽ ነበር። ዝናብ በቀረ ቁጥር ለአስቸኳይ ዕርዳታ እጅ ከመዘርጋት፣ በየዓመቱ ምግብ እንደሚያጥረው የሚታወቀውን ቤተሰብ በጀት ይዞ አስቀድሞ መድረስ ይሻላል ተብሎ ነው። ገንዘቡን ዓለም ባንክ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የለጋሽ አገሮች መንግሥታት ሲያዋጡ፣ ሥራውን መንግሥት እስከ ቀበሌ ባለው መዋቅሩ ይመራዋል። ከሃያ ዓመት በኋላም ስለ ፕሮግራሙ የሚወራው ብዙው ነገር ከአሠራሩ ጋር አይገጥምም።

«ነፃ ስንዴ ነው፤ ሰው ያሰንፋል»

አብዛኛው ተጠቃሚ የሚከፈለው ሠርቶ ነው። መደበኛው ስሌት ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን፣ ለቀኑ 3 ኪሎ እህል፣ በዓመት 6 ወር ነው። አምስት ነፍስ ያለው ቤት በወር 25 ቀን ሠርቶ 75 ኪሎ ያገኛል። ሕፃናት ይቆጠራሉ እንጂ አይሠሩም፤ የእነሱን ቀን የሚሸፍኑት አቅም ያላቸው አዋቂዎች ናቸው። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕመም የጸናባቸው ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ነፍሰ ጡሮችም ለጊዜው ወደዚያው ይዛወራሉ።

ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ የሚደረገው የቤቱን የመኸር እርሻ እንዳይሻማ ነው። በልግ በሚያርሱ የወሎ ወረዳዎች ግን ይኸው ሰሌዳ ከሞፈርና ቀንበር ጋር ይጋጫል፤ ቅሬታ ካለ እዚህ ላይ ቢሆን ያስኬዳል።

«ቀበሌ የወደደውን ይመዘግባል»

ምልመላው የማኅበረሰቡ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ሥራ ነው። ዋናው መስፈርት ባለፉት ዓመታት በተከታታይ በዓመት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት መኖሩ ነው። ስሙ በስብሰባ ተነብቦ ይተቻል፤ ቅር ያለው ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይሄዳል። አድልዎ የለም ማለት ግን አይደለም። ከአድልዎ ይልቅ የሚደጋገመው ችግር ኮታ ነው። ከላይ የተላከው የተጠቃሚ ቁጥር ከድሃው ሲያንስ ኮሚቴው «ሁሉም ይቅመስ» ብሎ ከአምስቱ ነፍስ ሦስቱን ብቻ ይመዘግባል። 75 ኪሎው 45 ይሆናል፤ ማንም ቤት አይጠግብም።

«ጥሬ ገንዘብ ምንጊዜም ከእህል ይሻላል»

ክፍያው በእህል ፋንታ በብርም ይሰጣል፤ ገበያ ቅርብ ሲሆንና ዋጋ ሲረጋ ይህ ይሻላል። ነገር ግን የቀን ክፍያው አስቀድሞ ተተምኖ የእህል ዋጋ በክረምት ሲንር፣ ያው ብር የሚገዛው እህል ያንሳል። በ2000 ዓ.ም. ዋጋ ሲያሻቅብ ብዙ ተጠቃሚዎች እህል ይሰጠን ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ክፍያ ሲዘገይ ደግሞ ቤተሰቡ ፍየሉን ይሸጣል፤ ፕሮግራሙ የተቋቋመው ግን ያቺ ፍየል እንዳትሸጥ ነበር።

«እርከን ከተሠራ መሬቱ ዳነ»

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። ተጠቃሚዎቹ ለክፍያው ከሚሠሩት ሥራ አንዱ እርከን ነው። በሥራ መለኪያው አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው)፣ የድንጋይ እርከን 250 ይፈጃል። ከላይ ያልነው ባለ አምስት ነፍስ ቤት በስድስት ወር የሚሠራው ልክ 150 ቀን ነው። ያ ሁሉ ጉልበት በአንድ የሐምሌ ዶፍ ሊሄድ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚሄደው በቅየሳ ስህተት ነው። መሣሪያው እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ዘንጎች፣ የ10 ሜትር ሲባጎና ውኃ ልክ ነው። ሲባጎው ስለሚረግብ ውኃ ልኩ የግድ 5 ሜትሩ ምልክት ላይ መንጠልጠል አለበት፤ ፈቀቅ ካለ አረፋው መሀል ቢቆምም መስመሩ ዘንበል ይላል። ዘንጉን ጓል ላይ ማቆምም ያው ነው። ከዚያ ውኃው ወደ ዝቅተኛው ነጥብ ተሰብስቦ እርከኑን ይደረምስና ቀድሞ ያልነበረ ቦረቦር ይከፍታል።

ሌላው ስህተት ከተዳፋቱ ግርጌ መጀመር ነው። ለጎብኚ የሚታየው መንገድ ዳር ያለው ግርጌ ስለሆነ ፈተናው ይገባናል፤ ጎርፉ ግን የሚመጣው ከራስጌ ነው። መጀመሪያ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች እርከን። አፈሩ ተጠቅጥቆ ቁመቱ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ካልደረሰ ውኃ ዘሎት ያልፋል። ውኃ በሚቋጥር የዋልካ መሬት ላይ ደግሞ ፍጹም ደልዳላ እርከን ውኃ አቁሮ ሰብሉን ይጎዳል፤ እዚያ ትንሽ ዘንበል ብሎ ውኃውን ወደ ማፋሰሻ ማውጣት አለበት።

እርከኑ ላይ የዝሆን ሣር ወይም ሰስባኒያ የተባለው የመኖ ዛፍ ካልተተከለ፣ ከተተከለም በኋላ ልቅ ግጦሽ ካልቆመ፣ ከብቱ በአንድ በጋ ረግጦ ያፈርሰዋል። ሣሩ ታጭዶ ለከብቱ ሲቀርብ ግን ገበሬው ጥገናውን ራሱ ይይዘዋል።

በደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ ከተሠራው እርከን ብዙው በ1983 ዓ.ም. ማግስት ፈረሰ። ገበሬው ሳይጠየቅ በማሳው ላይ የተሠራ ነበር፤ መሬት ይሻማል፣ አይጥ ይራባበታል፣ በሬ መዞሪያ ያጣል የሚለው ቅሬታው እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ ቀያሹ ዘንጉን ከማቆሙ በፊት ከባለ ማሳው ጋር መሬቱን ዞሮ ይየው፤ በሁለት እርከን መሀል ጥማዱ ዞሮ የሚመለስበት ስፋት መኖሩንም እዚያው ይለካ።