ቆሞ የቀረ ጦማርና አንባቢው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድሬዳዋና በሐረር በአማርኛ የሚጦምሩ (ብሎግ የሚጽፉ) ሰዎች ሲገናኙ ጨዋታው ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ቅሬታ ያመራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በወዳጅ ዘመድ ብርታት ከፍ ያለው የአንባቢ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ቆሟል፤ አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ ለአንድ ሁለት ቀን ይነሣና ተመልሶ ይወርዳል። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶችና የሚታዘዙት መድኃኒቶች ግን አብዛኞቹ ለሌላ አገር አንባቢ ከተጻፉ ምክሮች የተቀዱ ወይም በግምት የተያዙ ናቸው። በእኔ እምነት የቆመ ጦማር በአብዛኛው የጎደለው አዲስ ጽሑፍ አይደለም፤ ቀድሞ የተጻፈው ተፈልጎ የሚገኝበትና በስልክ ያለ ችግር የሚነበብበት መንገድ ነው። ከዚህ በታች የተነሡት አመለካከቶች ይህን መንገድ የሚሸፍኑ ናቸው።

«ጦማሩ የቆመው አዘውትሬ ስላልጻፍኩ ነው»

አዘውትሮ መጻፍ የጸሐፊን እጅ ያፍታታል፤ አንባቢን ግን በራሱ አያመጣም። በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የተለቀቀ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚነበበው በወጣበት ቀንና በማግስቱ ሲሆን፣ በጉግል ፍለጋ የሚገኝ ጽሑፍ ግን ጥያቄው እስካለ ድረስ ጠያቂ አያጣም። ቁልቢ ገብርኤልን እንውሰድ። ታላቁ ንግሥ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይከበራል፤ ከድሬዳዋ እንዴት እንደሚኬድ፣ የት እንደሚታደር፣ መንገዱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጨናነቅ የሚጠይቅ ምእመንም በየዓመቱ አለ። ብዙ ጦማሪዎች ለዚህ ጥያቄ በየዓመቱ አዲስ ጽሑፍ ያወጣሉ፤ ውጤቱም እርስ በርሳቸው የሚሻሙና ሁሉም ግማሽ መረጃ ብቻ የያዙ ሦስትና አራት ገጾች ይሆናሉ። አንድ ገጽ ብቻ ይዞ፣ ኅዳር ሳያልቅ ታሪፉንና የመንገዱን ሁኔታ በላዩ ላይ እያደሱ፣ የገጹን አድራሻ ደግሞ ዓመተ ምሕረት ሳያስገቡበት እንደነበረ ማቆየት ከዚህ እጅግ የተሻለ ነው።

የትኛው ገጽ እድሳት እንደሚገባው መገመት አያስፈልግም። ጉግል ሰርች ኮንሶል የተባለው ነጻ መሣሪያ፣ ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ የእርስዎ ገጽ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተና በአማካይ ስንተኛ ሆኖ እንደወጣ እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ያሳያል። በጥር ወር ለሚከፍተው ጦማሪ ይህ መዝገብ ያለፈውን ታኅሣሥ ከቀደመው ዓመት ታኅሣሥ ጋር ለማነጻጸር ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ ታይቶ ጥቂት ጊዜ ብቻ የተከፈተ ገጽ፣ ርዕሱ ውስጡ ያለውን የማይናገር ገጽ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሚስተካከለው ርዕሱ ነው። ከአሥረኛ እስከ ሃያኛ ደረጃ ላይ የሚውል ገጽ ደግሞ ፈላጊው ሳያየው የሚቀር፣ ነገር ግን ጥቂት አንቀጽ ቢጨመርለት ወደ ፊት ሊመጣ የሚችል ነው። ይህን ሳያዩ በየቀኑ አዲስ ነገር መደርደር ድካም ብቻ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት በጅምላ የተመረቱ ገጾችማ ጭራሽ አደጋ አላቸው፤ ጉግል እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ጀምሮ ለአንባቢ የማይጠቅሙ ገጾችን የፍለጋ ደረጃ ለማግኘት ብቻ በብዛት ማምረትን የደንብ ጥሰት አድርጎ አውጇል።

«በአማርኛ የሚያነብ ሰው የለም»

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አማርኛ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሆነ ሰዎች ቁጥር ከ21 ሚሊዮን በላይ ነበር። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪና አማርኛ በአንድ ሰፈር በሚነገሩበት በእኛ አካባቢ ደግሞ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚያነበው ሰው ጥቂት አይደለም። አንባቢው አለ፤ ችግሩ ጽሑፋችንን ለማግኘት እንዳይችል አድርገን ማስቀመጣችን ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት ጽሑፍን በሥዕል መልክ ማውጣት ነው። በፎቶ ላይ ያማረ ቅርጽ ተሰጥቶት የተጻፈ አንቀጽ በፌስቡክ ይደነቃል፤ የፍለጋ ሞተር ግን እንደ ጽሑፍ ያነበዋል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ማየት የተሳነው አንባቢ የሚጠቀምበት የስልክ ድምፅ አንባቢም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው በቆዩ ኮምፒውተሮች ውስጥ የቀረው ጽሑፍ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮችና ስልኮች የዓለምን ፊደላት በአንድ ዓይነት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ጽሑፎች ይከተቡ የነበሩት የላቲን ፊደላትን ቦታ በሚበደሩ የፊደል ቅርጾች ነበር። እነዚህን ገልብጦ ወደ ጦማር የሚያስገባ ሰው ትርጉም የለሽ የምልክት ድርድር ያወጣል። በቢሮው የሃያ ዓመት ጽሑፍ ያከማቸ መምህር ወይም የምድር ባቡር ጡረተኛ ካለ ጽሑፎቹን ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ከአዲስ ድርሰት ይልቅ ለጦማሩ ሀብት ነው።

ሦስተኛው የፊደል አጻጻፍ ነው። አንዱ ፈላጊ «ሐረር» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሀረር»፤ አንዱ «ድሬዳዋ» ይላል፣ ሌላው «ድሬ ዳዋ»፤ ብዙዎች ደግሞ የአማርኛ ገበታ ስልካቸው ላይ ስለሌለ ወይም ስለሚያዘገያቸው በላቲን ፊደል ይፈልጋሉ። የፍለጋ ሞተሩ እነዚህን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ እንደሚያያቸው ዋስትና የለም። ስለዚህ በርዕሱ ላይ ትክክለኛውን አጻጻፍ ይዞ፣ ሌላውን የተለመደ አጻጻፍ በጽሑፉ አካል ውስጥ ወይም በፎቶ መግለጫ ላይ አንድ ጊዜ ማስገባት ተገቢ ነው። ሥርዓተ ጽሕፈትን የሚያከብሩ ሰዎች ይህን እንደ ነውር እንደሚቆጥሩት አውቃለሁ፤ ለሥርዓቱ መታመን ግን ፈላጊውን በር ላይ እስከ መመለስ መድረስ የለበትም።

አራተኛው እንቅፋት ከሁሉም ያነሰ ይመስላል፤ የገጹ አድራሻ ነው። ርዕሱ በአማርኛ ሲሆን አንዳንድ የጦማር ሥርዓቶች አድራሻውንም በአማርኛ ይሠሩታል። አድራሻው ሲገለበጥ ግን እያንዳንዱ ፊደል በዘጠኝ ምልክቶች ይተካል፤ የሃያ ፊደል ርዕስ 180 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማስፈንጠሪያ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ሲላክ የማጭበርበሪያ መልእክት ስለሚመስል ጥንቁቅ ሰው አይነካውም። ለአድራሻው ብቻ አጭር የላቲን ፊደል መጠቀም ችግሩን ይፈታዋል።

«ቁልፍ ቃላትን ከገጹ ግርጌ መደርደር ከፊት ያወጣል»

አያወጣም። ጉግል በገጹ የተሰወረ ክፍል ውስጥ የሚጻፉ ቁልፍ ቃላትን ለደረጃ እንደማይጠቀምባቸው በይፋ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ በግልጽ ግርጌ ላይ የተደረደሩትንም እንደ ማታለል ሊቆጥራቸው ይችላል።

«ፌስቡክ ላይ ተከታይ ካለኝ አንባቢ አለኝ»

ተከታይ ማለት አንድ ቀን አንድ ቁልፍ የነካ ሰው ማለት ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የወዳጅና የቤተሰብ ልጥፎችን ከገጾች ልጥፍ እንደሚያስቀድም ካስታወቀ ወዲህ፣ አሥር ሺህ ተከታይ ያለው ገጽ የሚያወጣው ጽሑፍ ለተከታዮቹ ሁሉ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ልጥፉን በገንዘብ ማስተዋወቅም (ቡስት ማድረግም) ጽሑፉን የሚያይ ዓይን ይገዛል እንጂ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ የሚመጣ ሰው አይገዛም።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ቤትን በሰው መሬት ላይ የመሥራት ጉዳይ ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን በተገደቡ ጊዜ ሌሎች ድረ ገጾች ይከፈቱ ነበር። ያን ጊዜ የአንባቢው መንገድ በአንድ መድረክ ብቻ የሚያልፍ ጦማሪ፣ የራሱ ገጽ ክፍት ሆኖ እያለ ቪፒኤን ከሌለው አንባቢው ጋር ተለያየ።

እንዲህ ሆኖም ቴሌግራምን መተው አልመክርም፤ ለእኛ አንባቢ ከኢሜይል ይልቅ የሚቀርበው እርሱ ነው። የኢሜይል ዝርዝር መሰብሰብን የሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው የውጭ ምክር በቶሮንቶና በዋሽንግተን ላሉ የከተማችን ልጆች ሊሠራ ይችላል፤ የኢሜይል ሳጥኑን ስልክ ከገዛበት ቀን ወዲህ ከፍቶ ለማያውቀው የመጋላ ነጋዴ ግን አይሠራም። የቴሌግራም ቻናል የወጣውን ሁሉ በቅደም ተከተል ያቀርባል፤ መልእክቱም በቀላሉ ለሌላ ይተላለፋል። አንዳንዶች አንባቢው ወደ ጦማሩ እንዲመጣ በማሰብ ሁለት መስመርና «ሙሉውን ለማንበብ ይህን ይጫኑ» የሚል ብቻ ይለጥፋሉ። በእኔ ግምት አጭሩን ጽሑፍ ሙሉውን በቻናሉ ላይ አውጥቶ፣ ረጅሙን ግን መልሱ የሚጀምርበትን አንቀጽ ጨምሮ ማሳየት ይሻላል፤ የምንፈልገው መነበብን እስከሆነ ድረስ በቻናሉ ያነበበውም አንባቢ ነው።

«ስለ ሁሉም ነገር ብጽፍ ብዙ ሰው ይመጣል»

ስለ ሐረር የሚጽፍ ሁሉ ስለ ጀጎል አምስቱ በሮች፣ ስለ ጅብ ማብላትና ስለ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ይጽፋል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ በዚህ ርዕስ ላይ የውጭ መጻሕፍት፣ ትልልቅ ድረ ገጾችና ውክፔዲያ ቀድመው ተቀምጠዋል፤ አዲስ ጦማር እነርሱን አልፎ ሊወጣ አይችልም፤ ቢወጣም የሚጨምረው ነገር የለውም። በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የሹዋሊድ በዓል ግን ሌላ ነው። በዓሉ የሚከበረው ከረመዳን በኋላ በሸዋል ወር በስምንተኛው ቀን ስለሆነ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመጣል፤ «ዘንድሮ መቼ ነው፣ እንግዳ ምን ሊመለከት ይችላል፣ ምን ለብሶ ይሄዳል» የሚለውን በአማርኛ በቅጡ የሚመልስ ሰው ጥሩ ቦታ ያገኛል። ይህን ሊጽፈው የሚችለው ደግሞ እዚያው ያለ ሰው ነው።

ድሬዳዋም እንዲሁ ናት። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ስለ ደረሰባትና በባቡር ስለ ተቆረቆረችው ከተማ የተጻፈው ብዙ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ በመሆኑ ተሳፋሪው ከዚያ ወደ ከዚራ ወይም ወደ ሳቢያን በምን እንደሚደርስ የሚናገር ገጽ ግን ለመንገደኛው ከታሪኩ ቀድሞ ያስፈልገዋል። ይህን ሊያነብ የመጣ መንገደኛ ከሥር የተቀመጠለትን የድሮውን ለገሃር ታሪክም ሊከፍት ይችላል፤ ጥሩ የታሪክ ጽሑፍ አንባቢ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ የጎን በር ነው። ስለዚህ ገጾችን በማስፈንጠሪያ ማያያዝ ያስፈልጋል፤ በምናያቸው ጦማሮች ላይ ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ ብቻውን ቆሞ ይገኛል።

«ጽሑፍ ማክሰኞ ጠዋት ሲወጣ ነው የሚነበበው»

ይህ ምክር ቢሮ ገብቶ ኮምፒውተር ለሚከፍት የሌላ አገር ሠራተኛ የተሰጠ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ሱቆች በቀትር ይዘጋሉ፤ በረመዳን ሰው የሚያነበው ካፈጠረና ከሰገደ በኋላ ነው። የእኛው ምሽት አንድ ሰዓት በዋሽንግተን በበጋቸው እኩለ ቀን ይሆናል፤ በክረምታቸው እኩለ ቀን የሚሆነው የእኛው ምሽት ሁለት ሰዓት ነው። ለአገር ቤቱም ለባሕር ማዶውም አንባቢ የሚስማማ ሰዓት መፈለግ ያለበት እዚህ አካባቢ ነው።

«ፎቶ በበዛ ቁጥር አንባቢ ይቆያል»

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው በድሬዳዋ በመሆኑ የኔትዎርክ ውድድርን ቀድመን ያየን ነን፤ ቢሆንም አንባቢያችን ዛሬም በስልክ፣ በሜጋ ባይት በሚቆጠር ጥቅል ያነባል። ከስልክ በቀጥታ የተጫነ አንድ ፎቶ ሦስትና አራት ሜጋ ባይት ሊሆን ይችላል፤ አሥር እንዲህ ያለ ፎቶ የያዘ ገጽ ጽሑፉ ሳይታይ ጥቅሉን ይጨርሳል። ፎቶን ከ200 ኪሎ ባይት በታች አሳንሶ መጫን በነጻ መሣሪያ የሚሠራ የአፍታ ሥራ ነው።

«የጎብኚ ቁጥር የአንባቢ ቁጥር ነው»

ከጎብኚዎቹ መካከል የራስዎ ስልክ፣ የፍለጋ ሞተሮችና ሌሎች አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ሊኖሩ ይችላሉ። የገጽ ጎብኚዎችን የሚቆጥረው ጉግል አናሊቲክስ አንድን ጉብኝት ተሳትፎ እንዳለበት ለመቁጠር ከ10 ሰከንድ በላይ መቆየቱ ይበቃዋል፤ በ10 ሰከንድ ደግሞ አንድ የአማርኛ አንቀጽ እንኳ ተረጋግቶ አይነበብም። ተመልሰው የሚመጡት ስንት እንደሆኑ፣ ሁለተኛ ገጽ የከፈቱት ስንት እንደሆኑ በወር አንድ ጊዜ ማየት በየቀኑ ጠቅላላ ቁጥር ከመቁጠር ይጠቅማል።

«ስሙንና አድራሻውን ቀይሬ እንደ አዲስ ብጀምር ይሻላል»

ተስፋ የቆረጠ ጦማሪ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እዚህ ውሳኔ ላይ ነው፤ ከሁሉም የሚጎዳውም ይኸው ነው። በቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ የተላለፉት፣ ሌሎች ጸሐፊዎች የጠቀሷቸውና ጉግል ለዓመታት ያወቃቸው አድራሻዎች ሁሉ በአንድ ቀን ባዶ ገጽ ይሆናሉ፤ አዲሱ ጦማርም እንደማንኛውም ጀማሪ ከዜሮ ይነሣል። ነጻ ከሆነ አገልግሎት ወደ ራስ አድራሻ መዛወር የግድ ቢሆን እንኳ እያንዳንዱ የቀድሞ ገጽ ወደ አዲሱ አቻው እንዲያመራ ተደርጎ በቋሚነት መዛወር አለበት፤ ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ ብቻ መላክ አይበቃም። ጉግል ይህ ዝውውር ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። ስለዚህ የቀድሞው አድራሻ ክፍያ ያለበት ከሆነ አዲሱ ከተከፈተ በኋላም ክፍያው መቋረጥ የለበትም፤ የተተወ አድራሻን ሌላ ሰው ሊገዛው ስለሚችል፣ የቁልቢን መንገድ ሊጠይቅ የመጣው አንባቢ የቁማር ማስታወቂያ ሊገጥመው ይችላል።