በጓሮ የሚኖሩ ሰው ያልለመዱ ድመቶችንና ግልገሎቻቸውን ያለ ጉዳት ማጥመድ

ሰው ያልለመደ ድመት በዝርያው ከቤት ድመት አይለይም። በግልገልነቱ የሰው እጅ ሳይነካው ስላደገ ሰውን እንደ አደጋ ቆጥሮ ይሸሻል፤ ሆኖም ምግብና መጠለያ እስካገኘ ድረስ ከሰው መኖሪያ እምብዛም ስለማይርቅ በጓሮ፣ በመጋዘን ሥር ወይም በእንጨት ክምር መካከል ይኖራል፣ ይራባልም። ከቤቱ የጠፋ ወይም የተጣለ ድመት ውሎ አድሮ ጅራቱን አቁሞ ወደ ሰው ይቀርባል፣ እየጮኸም ምግብ ይለምናል። ሰው ያልለመደው ግን ዝም ብሎ ያደፍጣል፤ የቀረበለትን ምግብ የሚበላውም ያቀረበው ሰው ዞር ካለ በኋላ ነው። ወጥመድ ውስጥ ሲገቡ ሁለቱም እኩል ስለሚሸበሩ፣ የተያዘው ድመት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መወሰን አይገባም።

ማጥመዱ «ማጥመድ፣ ማምከን፣ መመለስ» ተብሎ የሚታወቀው አሠራር የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ሴት ድመት ከ4 እስከ 5 ወር ዕድሜዋ ማርገዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋ ከ63 እስከ 65 ቀናት የሚቆይ ሲሆን፣ የቀደሙት ግልገሎቿ ጡት ሳይተዉ ዳግም ልታረግዝም ትችላለች። በመሆኑም በጓሮው ካሉት ሴቶች አንዷ እንኳ ሳትያዝ ከቀረች የተደከመበት ሥራ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል።

አመጣጡ

አሠራሩ ከ1950ዎቹ ጀምሮ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በእንግሊዝ አገር በግለሰቦች ጥረት የተጀመረ ሲሆን፣ ከፈር ቀዳጆቹ መካከል ሩት ፕላንት እና ቀደም ሲል በሞዴልነት የምትታወቀው ሲሊያ ሃሞንድ ይጠቀሳሉ። በ1980 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሮያል ሆሎዌይ ኮሌጅ የተካሄደው ጉባኤ ጉዳዩን ወደ ሳይንሳዊ መድረክ አመጣው። ጣሊያን በ1991 ባወጣችው ቁጥር 281 ሕግ ባለቤት የሌላቸውን ጤነኛ ድመቶች መግደልን ከልክላለች። በአሜሪካ ደግሞ በ1990 የተመሠረተው አሊ ካት አላይስ የተባለው ድርጅት አሠራሩን በመላ አገሪቱ አስፋፍቶታል።

በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው ኒውበሪፖርት ከተማ በወንዙ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩ 300 ያህል ድመቶች ከ1992 ጀምሮ እየተያዙ መክነዋል፤ ሥራው ሳይቋረጥ ቀጥሎ የመጨረሻዋ ድመት በ2009 ሞታለች። በሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ የተካሄደና በ2003 የታተመ ጥናትም በ1996 68 የነበሩት ድመቶች በ2002 ወደ 23 መውረዳቸውን መዝግቧል። በዚህ ጥናት ከታዩት 155 ድመቶች ግማሽ ለሚጠጉት አሳዳጊ እንደተገኘላቸው፣ ለቁጥሩ መቀነስም ይህ ከማምከኑ ያልተናነሰ ድርሻ እንደነበረው መታወቅ አለበት።

የማጥመዱ ሥራ

ሥራው ወጥመዱ ከመዘርጋቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በፊት ይጀምራል። ለድመቶቹ በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ምግብ ይቀርባል፤ ምን ያህል እንደሆኑ፣ ስንቱ ወንድ ስንቱ ሴት እንደሆነ፣ የምታጠባ እናት መኖር አለመኖሯም በዚሁ ጊዜ ይመዘገባል። ጀማሪዎች የሚዘሉት ይህንን ደረጃ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው ድካም ሁሉ መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ጎረቤት ለድመቶቹ ምግብ የሚሰጥ ከሆነ ከማጥመጃው ዕለት አንድ ቀን ቀደም ብሎ እንዲያቆም አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ በሌላ ደጅ የጠገበ ድመት ወጥመዱን ዞር ብሎም አያየውም።

የሚመረጠው የሳጥን ወጥመድ ነው። ይህ ከሽቦ የተሠራና ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሳጥን ሲሆን፣ ድመቱ ከውስጥ ያለውን መርገጫ ሲነካ መዝጊያው ከኋላው ይወርዳል። እግር የሚይዙ የብረት ወጥመዶች፣ የሽቦ ሸምቀቆና መርዝ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይውሉም። ፈሪ ለሆኑ ድመቶች ወጥመዱን መዝጊያውን ከፍቶ በማሰርና ለጥቂት ቀናት ምግብ በውስጡ በማቅረብ ማለማመድ ይቻላል። ለአዋቂዎቹ ድመቶች ከማጥመጃው ዕለት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ምግብ ይቋረጣል፤ ውኃ ግን አይከለከልም።

ወጥመዱ የሚቀመጠው በግድግዳ ጥግ ወይም በቁጥቋጦ አጠገብ ሆኖ በማይወዛወዝበት ደልዳላ መሬት ላይ ነው፤ ከሥር የሚንቀጠቀጥ ወጥመድ ድመቱን ከመግቢያው ይመልሰዋል። ሽቦው እግሩን እንዳይቆረቁረው ወለሉ በጋዜጣ ይሸፈናል። ሽታቸው ጠንካራ የሆነ እንደ ሰርዲንና ቱና ያሉ ማባበያዎች ከመርገጫው ባሻገር በሳጥኑ ጫፍ ይደረጋሉ፤ ጥቂት ጠብታም ከመግቢያው ጀምሮ እስከ ውስጥ ይንጠባጠባል። ምግቡን በጣሳው ማስገባት ግን አይመከርም፤ የተደናገጠ ድመት በጣሳው ስለት ሊቆረጥ ይችላልና።

የተዘረጋ ወጥመድ ያለ ተመልካች አይተውም። አጥማጁ ድመቶቹ ከማያዩት ርቀት ሆኖ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም የተያዘ ድመት ለውሻ፣ ለፀሐይ፣ ለዝናብና ለክፉ ሰው የተጋለጠ ነው። መዝጊያው እንደወረደ ወጥመዱ ሙሉ በሙሉ በጨርቅ ይሸፈናል፤ በሽቦው ላይ ይወራጭ የነበረው ድመት በጨለማው ውስጥ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ይረጋጋል። ወጥመዱን ከፍቶ ማየት ወይም እጅ ማስገባት ክልክል ነው። የድመት ንክሻ ጠባብና ጥልቅ በመሆኑ በቀላሉ ያመረቅዛል፤ የእብድ ውሻ በሽታም በድመት ንክሻ ይተላለፋል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

አንድ ጊዜ ያመለጠ ወይም ሌላው ሲያዝ ያየ ድመት የሳጥን ወጥመድ ላይጠጋ ይችላል። ለእንዲህ ያለው በእንጨት ድጋፍ ዘንበል ብሎ የሚቆምና ድመቱ ከሥሩ ሲበላ ገመዱ ተስቦ ከላይ የሚወርድበት ሰፊ ወጥመድ ይሻላል። ይኸው ወጥመድ እናትና ግልገሎችን በአንድ ጊዜ ለመያዝም ያገለግላል፤ ለብዙ ልምድ ያላቸው አጥማጆች መጨረሻ ላይ የሚመዘዝ መሣሪያ ነው።

ግልገሎች

የግልገሎችን ዕጣ የሚወስነው ዕድሜያቸው ነው። ሰውን የመልመጃው ጊዜ በተለይ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ድረስ ያለው ሲሆን፣ 8 ሳምንት ያልሞላቸው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት እንክብካቤ ለማዳ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ሥራው እየከበደ ይሄዳል፤ ከ4 ወር ያለፉት ደግሞ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንደሚባለው ከአዋቂዎቹ ጋር መክነው ወደ ጓሮው ቢመለሱ ይመረጣል።

ብቻቸውን የተገኙ ሕፃን ግልገሎች የተጣሉ ናቸው ብሎ መቸኮል አይገባም፤ እናታቸው ለአደን ሄዳ ሊሆን ስለሚችል ለተወሰኑ ሰዓታት ከሩቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። በእርግጥ እናት የሌላቸው ከሆኑ መጀመሪያ ይሞቃሉ፣ ከዚያም ለድመት ግልገል የተዘጋጀ ወተት ይሰጣቸዋል፤ የላም ወተት ያስቀምጣቸዋል። ገና የተወለዱት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ልዩነት መመገብ አለባቸው።

ግልገል ቀላል ስለሆነ መርገጫውን ሳያንቀሳቅስ በልቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መዝጊያው ውኃ በተሞላ ጠርሙስ ተደግፎ፣ በጠርሙሱ አንገት ላይ ረጅም ገመድ ታስሮ፣ ግልገሎቹ ተሟልተው ሲገቡ ገመዱ ይሳባል። ግልገሎቹ ቀድመው ከተያዙ እናቲቱን ለመሳብ ይረዳሉ፤ በደህና ሳጥን ሆነው ከወጥመዱ ጀርባ ሲቀመጡ ድምፃቸውን ተከትላ ወደ ውስጥ ትገባለች።

ከተያዙ በኋላ

ቀዶ ሕክምናው የሚከናወነው በእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው። ወንዱ ይኮላሻል፣ ሴቷ ማህፀኗና የእንቁላል እጢዎቿ ይወጣሉ፤ ግልገሎችም 1 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝኑ ሊመክኑ ይችላሉ። በማደንዘዣው ላይ እንዳሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጣቸዋል፤ የአንድ ጆሯቸው ጫፍም በ1 ሳንቲ ሜትር ገደማ በቀጥታ ይቆረጣል። ቁርጡ ከሩቅ ስለሚታይ ድመቱ ዳግመኛ ወደ ቀዶ ሕክምና እንዳይወሰድ ያደርጋል። ወንዶች አንድ ቀን፣ ሴቶች ሁለት ቀን ያህል ከተጠበቁ በኋላ በተያዙበት ጓሮ ይለቀቃሉ፤ የምታጠባ እናት ግን ግልገሎቿ ውጭ ከሆኑ ከማደንዘዣው በደንብ እንደነቃች ብትመለስ ይመረጣል።

ድመቶቹን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር እንደ መጨረሻ አማራጭ የሚታይ ነው። በማያውቁት ቦታ የተለቀቁ ድመቶች ወደ ቀድሞ ጓሯቸው ለመመለስ ሲሉ ይጠፋሉ፤ መዛወራቸው ግድ ከሆነ በአዲሱ ቦታ ለጥቂት ሳምንታት ተዘግተው መቆየት አለባቸው።

ክርክሩ

አሠራሩን የሚነቅፉ የአእዋፍ ተመራማሪዎች የመከነ ድመትም ማደኑን እንደማይተው ያመለክታሉ፤ ይህ እውነት ነው። በ2013 የታተመ ጥናት በአሜሪካ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፎችን እንደሚገድሉ፣ አብዛኛውም ባለቤት በሌላቸው ድመቶች የሚደርስ መሆኑን ገምቷል። ይሁንና አኃዙ በስሌት የተገኘ ግምት በመሆኑ፣ ልዩነቱም ሰፊ በመሆኑ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። የአሠራሩ ደጋፊዎች በበኩላቸው ድመቶችን ማስወገድ ቦታውን ለሌሎች ድመቶች ክፍት ከማድረግ ያለፈ ውጤት እንደማያመጣ ይናገራሉ። መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች ባሉባቸው ደሴቶች ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው፤ በደቡብ አፍሪካዋ ማሪዮን ደሴት በ1949 የገቡት 5 ድመቶች በ1977 ወደ 3,400 ገደማ የደረሱ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ የጠፉት በ1991 ነው።

በጓሮ ደረጃ ውጤቱን የሚያጸናው ከመመለሱ በኋላ የሚደረገው ክትትል ነው። መጋቢው ምግቡን በተለመደው ሰዓት ማቅረቡን ይቀጥላል፣ የተረፈውንም አይጥና ሌሎች አውሬዎች እንዳይሰበሰቡበት ወዲያው ያነሳል። በምግቡ ሰዓት ጆሮው ያልተቆረጠ አዲስ ድመት ከታየ፣ ከመራባቱ በፊት ወጥመዱ በዚያው ሰሞን ዳግም ይዘረጋል።