«መተት ቀበሩብኝ» የሚል ሰውና ቤተሰቡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎረቤት ደጄ ላይ መተት ቀበረብኝ፣ ስልኬን ጠልፈው ይከታተሉኛል፣ ወጤ ውስጥ መርዝ ጨመሩብኝ። ከመንዝም ሆነ ከደብረ ብርሃን ታማሚ ይዞ ሐኪም ፊት የሚቀርብ ቤተሰብ ከሚያነሳቸው ነገሮች እነዚህ ይገኙበታል። ሐኪሞች ዲሉዥን ይሉታል፤ ተቃራኒ ማስረጃ ቢቀርብም የማይላላ፣ በዙሪያው ያሉ ሰዎችም የማይጋሩት ጽኑ እምነት ማለት ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

«ማሰብ ስላቃተው ነው»

አይደለም። ይኸው ሰው ገበያ ወጥቶ በግ ሲሸጥ አንድ ብር አይሳሳትም። የሚለየው ከስንት ማስረጃ በኋላ «በቃ፣ አውቄዋለሁ» እንደሚል ነው።

ሁቅ፣ ጋሬቲና ሄምስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 (እ.ኤ.አ.) ይህን በዶቃ ፈትነውታል። የፈተናው አሠራር እንዲህ ነው። ሁለት ማሰሮ አለ፤ በአንደኛው ከመቶው ዶቃ 85ቱ የአንድ ቀለም (ቀይ እንበል)፣ 15ቱ የሌላ ቀለም ናቸው፤ በሁለተኛው ተገላቢጦሽ ነው። ማሰሮዎቹ ከዓይን ይሰወሩና ከአንዱ ብቻ ዶቃ አንድ በአንድ እየወጣ ይታያል። ተፈታኙ የፈለገውን ያህል ካየ በኋላ ከየትኛው ማሰሮ እንደሚወጣ ይናገራል። ዲሉዥን ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ዶቃ አይተው ይወስናሉ፤ ሌላው ሰው ጨምሮ ማየት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፍ የሚዘለው ነገር አለ። ሁለት ቀይ ዶቃ ተከታትሎ ከወጣ ስሌቱ ራሱ 97 በመቶ ቀይ የበዛበት ማሰሮ ነው ይላል፤ ስለዚህ በሁለት ዶቃ መወሰን ሞኝነት አይደለም። ችግሩ የሚታየው ማስረጃው ሲደክም ነው። ድርሻው 60 ለ40 ቢሆን ሁለት ቀይ ዶቃ የሚያስተማምነው 69 በመቶ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ የሚቸኩል ሰው ከሦስት አንዴ ያህል ይስታል። የኑሮ ማስረጃ ደግሞ አብዛኛው ከዚህም የደከመ ነው፤ ጎረቤት ሰላም ሳይል ያለፈበትን ምክንያት ከአንድ ማለፍ ማን ያውቃል?

«የሚቸኩል ሁሉ ይታመማል»

ችኩልነት ጤነኛም ላይ አለ፤ ዲሉዥን ኖሮባቸው የማይቸኩሉም አሉ። ብቻውን በሽታ አያመጣም። መጀመሪያ የሚተረጎም እንግዳ ስሜት ያስፈልጋል። አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈው ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ሥራ ሲዛባ ተራ ሳል፣ ተራ እይታ «ይህ ለእኔ ነው» የሚል ክብደት ይይዛል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጫት፣ ብቸኝነት ያባብሱታል። ችኩሉ አእምሮ ለዚያ ስሜት ያገኘውን የመጀመሪያ ምክንያት ይዞ ያርፋል።

«በመተት የሚያምን ሁሉ ታሟል»

ይህ ስህተት ከተማረው ሰው ይበዛል። ቡዳና መተት አለ ብሎ ማመን አገር የሚጋራው ነገር ነው፤ በሽታ አይባልም። ምልክቱ ሌላ ነው። በመተት የሚያምኑት እናቱና የነፍስ አባቱ ራሳቸው «ይኼስ የለም፣ ልጁ ሌላ ነገር ሆኗል» ይላሉ፤ ተጠርጣሪው ከአንድ ጎረቤት ወደ ሰፈሩ በሙሉ ይሰፋል፤ እርሻው ጾም ያድራል፣ እንቅልፍና ምግብ ይቀራል።

«ማስረጃ ብናሳየው ይተወዋል»

ቤተሰብ ብዙ የሚለፋው እዚህ ላይ ነው፤ ደጁን ቆፍረው «ይኸው ምንም የለም» ይላሉ። መልሱ «ሌሊት አንስተውታል» ነው። ጎረቤቱ ሰላም ካለ ያስመስላል፣ ዝም ካለ ነቅቶበታል። የሚቃረነውን ነገር ለሐሳብ ማስተካከያ አለመጠቀም በጥናትም የታየ ዝንባሌ ነው፤ ክርክሩ ሲጠነክር ደግሞ ተከራካሪው ራሱ ከጠላት ወገን ይቆጠራል።

«ልክ ነህ» ማለትም ያው ጥፋት ነው፤ ነገ ጎረቤቱን ሲማታ ምስክር ያደርግዎታል። እናት እንዲህ ብትል ይሻላል፦ «ልጄ፣ እንዲህ እያሰብክ እንቅልፍ ቢነሳህ አይገርመኝም። እኔ እንዳንተ አላየሁትም፤ ግን ጭንቀትህ ይገባኛል።» ስሜቱን ትቀበላለች፣ ፍርዱን አትፈርምም። ረጋ ሲል (ሲቆጣ ፈጽሞ አይሆንም) ስለ ትንሿ ነገር ይጠየቅ፦ «ትናንት ሰላም ሳይልህ ያለፈው ለምን ሊሆን ይችላል? ሌላስ?» ሦስት ምክንያት እስኪያወጣ መታገሥ ነው፤ አንዱ «ገድሎኝ ሊያርፍ» ቢሆንም ይቆጠርለት። ከዚያ እያንዳንዱን ከመቶ ስንት እንደሚያምነው ይናገር። መቶ የነበረው ሰማንያ ከሆነ ብዙ ነው። ሞሪትዝና ዉድዋርድ ያዘጋጁት ሜታኮግኒቲቭ ሥልጠና የሚባለው ሕክምናም የሚያለማምደው ከመወሰን በፊት መቆየትን፣ ሌላ ምክንያት መፈለግንና እርግጠኝነትን መቀነስን ነው።

«ወይ ጠበል ወይ ኪኒን»

ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም መጠመቅ ኪኒን መዋጥን አይከለክልም። የሚጎዳው መድኃኒቱን ማቋረጡና በሰንሰለት ማሰሩ ነው። የነፍስ አባት «መድኃኒትህን እየወሰድክ ተጠመቅ» ቢሉት ከሐኪም ምክር ይልቅ ሊሰማ ይችላል፤ አስቀድሞ እሳቸውን ማነጋገር ይበጃል። ለእሱ ብቻ የሚሰማ ድምፅ «ግደል» ወይም «ሙት» ብሎ የሚያዝዘው ከሆነ፣ ወይም መርዝ ፈርቶ መብላት ካቆመ ግን የሰባት ቀን ጠበል አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

ከኪኒኑም ተአምር አይጠበቅ። መጀመሪያ እንቅልፉና ጭንቀቱ ይሻላል፤ እምነቱ እስኪላላ ሳምንታት ይፈጃል፤ የቆየው «አድርገውብኝ ነበር» የሚል ትዝታም ሊቀር ይችላል። ሃሎፔሪዶል የተባለውን ኪኒን በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ቢጣመም ወይም ዓይኑ ወደ ላይ ቢሰቀል ቤተሰብ «ሰይጣኑ ተነሳበት» ብሎ ኪኒኑን ይጥላል፤ እዚህ ላይ የቸኮለው ቤተሰቡ ነው። የጡንቻ መኮማተር ነው፤ ጤና ተቋም ወስደው የመድኃኒቱን ስም ቢናገሩ ማርከሻው ይሰጠዋል፤ በመርፌ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቀዋል።