የኖርፎልክ ወፍ ተመልካቾችና የካውንቲው መዝገብ

ኖርፎልክ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ወደ ሰሜን ባሕር ገፋ ብሎ የተቀመጠ ካውንቲ ነው። ካውንቲ ከቀድሞው አውራጃችን ጋር የሚቀራረብ የአካባቢ አስተዳደር ነው፤ ለእንግሊዝ ወፍ ተመልካቾች ግን ከአስተዳደርነቱ ይልቅ መዝገብነቱ ይበልጥባቸዋል። አንድ ሰው በሕይወቱ ያያቸውን ወፎች በአገር ደረጃ ይቆጥራል፤ በካውንቲው ያያቸውን ደግሞ ለብቻ ይቆጥራል። ወሰኑን ተሻግራ በጎረቤቱ በሰፎክ መሬት ላይ ያረፈች ወፍ፣ ጥቂት ሜትር ብቻ ብትርቅም፣ በኖርፎልክ ዝርዝር ውስጥ አትገባም። ነገሩ ለውጭ ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ሆኖም በአንድ ወሰን ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ማስታወሻ የተገኘው በዚህ ግትርነት ነው። እስካሁን በካውንቲው የተመዘገቡት የወፍ ዝርያዎች ከ400 በላይ ናቸው።

የኖርፎልክና ኖርዊች የተፈጥሮ አጥኚዎች ማኅበር የተመሠረተው በ1869 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የካውንቲውን ዓመታዊ የአእዋፍና የአጥቢ እንስሳት ሪፖርት የሚያሳትመውም ይኸው ማኅበር ነው። በ1926 በክሌይ መንደር አጠገብ ያለው ረግረግ ለወፎች መጠለያ እንዲሆን ተገዛ። ግዢውን የመሩት ሐኪሙ ሲድኒ ሎንግ በዚያው ዓመት ያቋቋሙት የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በብሪታንያ በካውንቲ ደረጃ ከተቋቋሙት ሁሉ ቀዳሚ ነው። የመላ አገሪቱን የወፍ ቆጠራ የሚያስተባብረው የብሪታንያ የአእዋፍ ጥናት ተቋምም ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚሁ ካውንቲ፣ በቴትፎርድ ከተማ ነው።

ኖርፎልክን ለዚህ ሥራ የታደለ ያደረገው አቀማመጡ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ከስካንዲኔቪያ ተነሥተው ወደ ደቡብ የሚጓዙ ወፎች ባሕሩ ላይ ሳሉ የምሥራቅ ነፋስና ዝናብ ከመታቸው፣ ደክመው የሚወርዱት በመጀመሪያው የብስ ላይ ነው። በብሌክኒ የሚገኘው ረጅም የአሸዋና የጠጠር ልሳነ ምድር ዛፍ ብርቅ የሆነበት ስለሆነ፣ ያረፈው ሁሉ በጥቂት ቁጥቋጦ ውስጥ ይሰበሰባል። ከነዚህ መካከል መንገዱን ጨርሶ የሳተ አይጠፋም። ለምሳሌ በሳይቤሪያ የሚፈለፈል፣ ክብደቱ ስድስት ግራም ገደማ የሆነ የፓላስ ዋርብለር የሚባል ወፍ አለ። የብርዱን ወራት ማሳለፍ የሚገባው በደቡብ ቻይናና በአካባቢው ነው፤ ግን አልፎ አልፎ ተቃራኒውን አቅጣጫ ይዞ እንግሊዝ ይደርሳል። በብሪታንያ የመጀመሪያው የተገኘው በኦክቶበር 31 ቀን 1896 በክሌይ ነበር፤ የተገኘውም በጠመንጃ ተመትቶ ነው። በዚያ ዘመን ማስረጃ ማለት ሬሳ ነበርና።

የተመልካቹ ዓመት በብርቅዬ ወፍ ብቻ አይሞላም። በመጋቢት ከአፍሪካ የሚመለሱት የመጀመሪያዎቹ ትናንሽ ወፎች የታዩበት ቀን ይጻፋል። በሚያዝያ ኩኩ የሚባለው ወፍ ድምፅ ይሰማል። የብርዱ ወራት ሲገባ ከአይስላንድና ከግሪንላንድ የሚመጡ አሥር ሺዎች ዝይዎች በስኔቲሻም ጠረፍ ያድራሉ፤ ንጋት ላይ በጫጫታ ተነሥተው ስኳር የሚሠራበት ቀይ ሥር መሰል ተክል (ሹገር ቢት) ወደተነቀለበት ማሳ ይሄዳሉ። ከሰሜን ኃይለኛ ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ በሸሪንገም ባሕር ዳር ቴሌስኮፕ ተክለው፣ ሞገዱን እየታከኩ የሚያልፉ የባሕር ወፎችን ለሰዓታት የሚቆጥሩ ሰዎች ይታያሉ። ለዚህ የሚከፍላቸው የለም፤ ብርዱም ቀልድ አያውቅም።

የሥራው ከባድ ክፍል መታመን ነው። እያንዳንዱ ካውንቲ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል መዝጋቢ አለው። የተለመደ ወፍ ያየ ሰው ቀኑን፣ ቦታውንና ቁጥሩን ቢልክ ይበቃዋል። ለካውንቲው እንግዳ የሆነ ወፍ ያየ ግን ዝርዝር መግለጫ ይጠየቃል፦ ርቀቱ ስንት ነበር፣ ብርሃኑ ከየት ወገን መጣ፣ የክንፉ ጥለት እንዴት ነው፣ እግሩ ምን ዓይነት ቀለም አለው፣ ድምፁስ ተሰምቷል ወይ? ከተመሳሳዮቹ በምን እንደለየውም ማስረዳት አለበት። መግለጫውን የካውንቲው ኮሚቴ ይመረምረዋል። ለመላው አገር ብርቅ ከሆነ ደግሞ በ1959 ወደተቋቋመው፣ ድምፅ የሚሰጡ አሥር አባላት ወዳሉት የብርቅዬ ወፎች ኮሚቴ ይላካል። ያልተረጋገጠ ከመዝገብ ይቀራል። የሠላሳ ዓመት ልምድ ያካበተ ሰው ጽሑፉ ውድቅ ሲሆንበት ቅር መሰኘቱ አይቀርም፤ ውሳኔው ዋሽተሃል ማለት እንዳልሆነ ቢያውቅም።

ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም። በደቡብ እንግሊዝ በሄስቲንግስ ከተማ ዙሪያ ከ1892 እስከ 1930 ለማመን የሚያስቸግር ብዛት ያላቸው ብርቅዬ ወፎች “ተገኝተው” ነበር። አብዛኞቹ በአንድ የወፍ ሬሳ አድርቆ የሚሸጥ ነጋዴ እጅ ያለፉ ነበሩ። በ1962 ጉዳዩ በስታቲስቲክስ ጭምር ተመርምሮ ወደ 600 የሚጠጉ መዝገቦች ከብሪታንያ ዝርዝር ተሰረዙ። ሬሳው በእጅ ተይዞ እንኳ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ማስረጃ አይሆንም ማለት ነው። ዛሬ ፎቶግራፍ ነገሩን አቅልሎታል፤ ግን ፎቶግራፍም የት እንደተነሣ ራሱ አይናገርም።

ወሬው የሚዛመትበት መንገድ በየዘመኑ ተለዋውጧል። በክሌይ ከመንደሩ መውጫ ባለው ግድብ ላይ ሠዓሊው ሪቻርድ ሪቻርድሰን በ1977 እስኪሞት ድረስ ለወጣቶች ወፍ መለየትን ያስተምር ነበር፤ ዜና የፈለገ ወደ እርሱ ይሄዳል። ኋላ በመንደሩ የነበረችው ናንሲ ካፌ የአገሪቱ ወፍ ተመልካቾች ማዕከል ሆነች። ከስኮትላንድም ሆነ ከኮርንዎል ስልክ ሲደወል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ደንበኛ አንሥቶ የቀኑን ወሬ ይናገራል፤ ከደዋዩ የሰማውንም ይጽፋል። ካፌዋ በ1988 ተዘጋች። ከዚያ የስልክ መረጃ አገልግሎትና ፔጀር፣ በመጨረሻም ሞባይል ተከታተሉ። በጃንዋሪ 2008 ከሰሜን አሜሪካ የመጣች ነጭ ዘውድ ያላት ድንቢጥ በክሌይ በአንድ ነዋሪ ግቢ ስትገኝ ሺዎች ጎረፉ። ከጎብኚዎቹ ለቤተ ክርስቲያኑ እድሳት ከ6,000 ፓውንድ በላይ ተዋጣ፤ የድንቢጧም ምስል በቤተ ክርስቲያኑ መስኮት መስታወት ላይ ገባ። ለአንዲት መንገደኛ ድንቢጥ ከዚህ የበለጠ አቀባበል አላውቅም።

ሁሉም ነገር ግን አይወራም። ጎጆ የሠራ ብርቅዬ ወፍ ሲገኝ ልማዱ ዝም ማለት ነው። የአብዛኞቹን የዱር ወፎች እንቁላል መልቀም በ1954 በወጣ ሕግ ቢከለከልም፣ ለቃሚዎች ጨርሰው አልጠፉም። ክሬን የሚባለው ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፍ ከእንግሊዝ ረግረጎች በአደንና በመሬት ማድረቅ ከጠፋ 400 ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ፣ በ1979 በኖርፎልክ በሆርሲ መንደር አካባቢ ጥቂቶች መጥተው ቀሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጫጩት አሳደጉ። የመሬቱ ባለቤትና ጥቂት ተመልካቾች ቦታውን ለብዙ ጊዜ ደብቀው ጠበቁት። ይህ ዝርያ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ከምሥራቅ አውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ክሬኖች የአውሮፓን ክረምት በጣና ዙሪያ ያሳልፋሉ። የሆርሲዎቹ ግን ከኖርፎልክ እምብዛም አይርቁም።

የመዝገቡ ጥቅም የሚታየው ዓመታት ሲደራረቡ ነው። የሳቢሳ ዘመድ የሆነው ትንሹ ነጭ ሽመላ በአንድ ወቅት ብሔራዊ ኮሚቴ ፊት የሚቀርብ ብርቅዬ ነበር። ከ1991 ጀምሮ ኮሚቴው ማየቱን ተወው፤ በ1996 በዶርሴት ካውንቲ ለመጀመሪያ ጊዜ በብሪታንያ ፈለፈለ፤ አሁን በኖርፎልክ ጠረፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ዋኖስ ደግሞ በተቃራኒው ሄዷል። ድሮ በየአጥሩ ስለሚጮህ ብዙዎች መጻፉንም ይተዉት ነበር። ከ1960ዎቹ ወዲህ ቁጥሩ በብሪታንያ ከ95 በመቶ በላይ ወርዷል፤ ስለዚህ ዛሬ መዝጋቢው አንድም ዋኖስ ሳይጻፍ እንዳያልፍ ይለምናል።